ሳትንቀሳቀስ የተመረመረች መኪና

ዓምና መኪናዬ ከቆመችበት ሳትንቀሳቀስ ዓመታዊ ምርመራ አለፈች። ሊብሬውንና ገንዘቡን ለአንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ሰጠሁት፤ በማግስቱ ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ። ፍሬን ደኅና፣ መሪ ደኅና፣ መብራት ደኅና፣ ጭስ ደኅና ይላል፤ ከሥሩ ፊርማና ማኅተም አለበት። መኪናዋ በዚያን ቀን ግቢዬ ውስጥ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ቅጠል ለብሳ ቆማ ነበር። እኔም ወረቀቱን አስገብቼ ቦሎ ወሰድኩ፣ መስታወቷ ላይ ለጠፍኩት፣ ሰኞ ጠዋት ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ ወደ ትምህርት ቤት ነዳሁ።

ይህን ለመጻፍ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። የመረመረውን ተቋም ስም አላነሳም፤ ወረቀቱን የገዛሁት እኔ ነኝ። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ከመካከላችን የተለየ ነገር ያደረገ የመሰለው ሰው አልነበረም። ጉዳይ አስፈጻሚው የለመደውን ሠራ፣ መርማሪው ማኅተሙን መታ፣ የትራፊክ ፖሊሱ ቦሎዬን አይቶ በእጁ ምልክት አሳለፈኝ። መንግሥት መኪናዬን እንደተቆጣጠረ የሚመሰክር ወረቀት በእጄ አለ፤ መኪናዬን ያየ ሰው ግን የለም።

አባቴ ቢኖሩ ዓይናቸውን ለማየት አልደፍርም ነበር።

አባቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ። ተሳቢ የሚጎትት ፊያት፣ ሁላችንም ኤንትሬ የምንለውን መኪና፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ነድተዋል። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ከመነሣታቸው በፊት ክንድ የምታህል ብረት ይዘው መኪናውን ይዞራሉ። እያንዳንዱን ጎማ ይመቱና ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ነፋሱ ሙሉ የሆነ ጎማ ብረቱን መልሶ ይወረውረዋል፤ የጎደለው ይውጠዋል። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ ደግሞ ከዋሻው በፊት ያቆማሉ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ረዳታቸው ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል፤ እርሳቸው የፍሬኑን ነፋስ ያያሉ፣ የተሳቢውን ማያያዣ በእጃቸው ይነቀንቃሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ደብረ ሲና እንወርዳለን። «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» ይሉኝ ነበር፤ ፍሬን የተሠራው ለመቆም እንጂ ለመውረድ አይደለም ብለው ያምኑ ነበር።

በዚያ ቦታ እርሳቸውን የሚቆጣጠር ሰው አልነበረም። ተቆጣጣሪያቸው ገደሉ ነበር።

ለረጅም ጊዜ ይህ በቂ ይመስለኝ ነበር። ሹፌሩ ቢጠነቀቅ፣ ነፍሱን ቢወድ፣ ልጆቹን ቢያስብ፣ መንገዱ ሰላም ይሆናል። ይህን ሐሳቤን ያፈረሰው የአባቴ ባልንጀራ የነበሩ አንድ ሹፌር ሞት ነው። በዚያው ቁልቁለት ላይ ተሳቢያቸው ገፍቷቸው ገደል ገቡ። የተጻፈው ምክንያት «ከፍጥነት ወሰን በላይ በማሽከርከር» የሚል ነበር። ጥፋተኛው ስለሞተ መዝገቡ ተዘጋ። ለቅሶ ቤት አባቴ ከሹፌሮቹ መካከል ተቀምጠው ሲናገሩ ሰምቻለሁ፦ የፍሬኑ ሸራ ካለቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ ሟቹ ለባለ ንብረቱ ሦስት ጊዜ ነግረዋል፤ ባለ ንብረቱም ከዚህ ጉዞ መልስ ይቀየራል ብሏል። ይህ ነገር በመዝገቡ ውስጥ አልገባም። ማንም አልጠየቀማ! የሹፌር ጥንቃቄ የሚደርሰው እጁ እስከሚደርስበት ድረስ ነው፤ ሸራውን የሚገዛው ገንዘብ ግን ከሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር።

ያን የተዘጋ መዝገብ እንደገና ያስታወሰኝ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።

እሑድ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ከገባ ገና ሳምንቱ። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ከጎረቤቶቼ ጋር ቆመን ስንነጋገር አንዱ ስልኩን አየና ዝም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ፣ ስድስት ደቂቃ ያህል እንደበረረ ቢሾፍቱ አጠገብ በጊምቢቹ ወረዳ የእርሻ ማሳ ላይ ተከስክሷል። 157 ሰዎች፤ የተረፈ የለም። ከ30 በላይ አገሮች ዜጎች ነበሩበት፤ ከሁሉ የሚበዙት ኬንያውያን ናቸው። የአካባቢው ሰዎች ለማያውቋቸው እንግዶች አለቀሱ።

ብዙም ሳይቆይ ጣት መቀሰር ተጀመረ። የተቀሰረውም ወደ ሟቾቹ አብራሪዎች ነበር። ካፒቴኑ የ29 ዓመት ወጣት ነው፤ ከ8,000 ሰዓት በላይ በርሯል። ግን ማን አዳመጠ? አንድ የአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴ በምክር ቤት ተቀምጠው በእነርሱ አገር የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ ይህን ችግር ይወጣው ነበር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ይህን ስሰማ የአባቴ ባልንጀራ መዝገብ እንደገና የተከፈተ መሰለኝ። የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም፤ ስለዚህ እርሱን መክሰስ ይቀላል።

የአውሮፕላኑን ነገር ያን ጊዜ ማንበብ ጀመርኩ፤ እስካሁንም አልተውኩም። መሐንዲስ አይደለሁም። ነገሩን የተረዳሁት ግን በአባቴ ቋንቋ ተርጉሜ ነው። ቦይንግ 737 ማክስ ከቀደሙት ይልቅ ትልልቅ ሞተሮች ተገጠሙለት፤ ሞተሮቹም ከክንፉ ወደ ፊት ወጥተው ተቀመጡ። ይህ ደግሞ በአንዳንድ ሁኔታ አፍንጫው ወደ ላይ የመቃናት ጠባይ ሰጠው። ያን ለማረም ኤምካስ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ተጨመረ፤ አውሮፕላኑ ከልክ በላይ ቀና ያለ ሲመስለው አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች ይገፋል። አውሮፕላኑ የአየሩን አቅጣጫ የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች አሉት፤ ኤምካስ ግን በአንድ ጊዜ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር። አባቴ አንድ ጎማ ብቻ መትተው የሌሎቹን በግምት አልፈው አያውቁም። ያም አንሶ አብራሪዎቹ በሚያነቡት መመሪያ ውስጥ ሥርዓቱ አልተጠቀሰም ነበር። ሰውየው መሪውን ይዟል፤ ከእርሱ ጋር መሪውን የያዘ ሌላ እጅ መኖሩን ግን አልነገሩትም።

ይህ ሁሉ በመንግሥት ተቆጣጣሪ ዓይን ሥር ያለፈ ነው። እንቅልፍ የነሣኝም ይህ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በዓለም ላይ በትልቅ ስም የሚጠራ መሥሪያ ቤት ነው፤ እርሱ አየሁት ካለ ሌላው አገር እንዳየው ይቆጥራል። ነገር ግን ሥራው ስለበዛበትና ባለሙያው ስላነሰው አብዛኛውን ምርመራ ለአምራቹ ሠራተኞች በውክልና ሰጥቶ ነበር። በቦይንግ ውስጥ በዚህ ውክልና የሚሠሩት ወደ 1,500 የሚጠጉ ሲሆኑ፣ እነርሱን የሚከታተለው የመንግሥት ቢሮ 50 የማይሞሉ ሰዎች ነበሩት። የመንግሥትን ዓይን ይዘው የሚመረምሩት ሰዎች ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከሚመረመረው ነው። ሁሉም ዋሽተዋል አልልም፤ ከመካከላቸው ተጨንቀው የጻፉ፣ ያስጠነቀቁ መሐንዲሶች ነበሩ። ግን በወር መጨረሻ የሚከፍልህን ሰው ዛሬ አታልፍም ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የእኔን ወረቀት የፈረመው መርማሪም የተከፈለው ከእኔ ኪስ ነው።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያማል። ከእኛ አደጋ በፊት አራት ወር ተኩል እንኳ ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2018፣ ተመሳሳይ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። ምክንያቱ ያው ኤምካስ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር 2018፣ የአቪዬሽን አስተዳደሩ የራሱ ባለሙያዎች ስሌት ሠሩ፤ ማስተካከያ ካልተደረገ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን እስከ 15 የሚደርሱ አደጋዎች ሊከተሉ ይችላሉ የሚል ውጤት አገኙ። ስሌቱ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነበር። አውሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ፤ ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ ተላከ፣ የሶፍትዌር ማሻሻያ እየተሠራ ነው ተባለ። «ከዚህ ጉዞ መልስ ይቀየራል።» ያን ቃል ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አንዴ በለቅሶ ቤት፣ አንዴ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ውስጥ።

ከቢሾፍቱው አደጋ በኋላ አየር መንገዳችን ማክስ አውሮፕላኖቹን በዚያው ቀን አቆመ። ቻይና በማግስቱ አገደች፤ አውሮፓ ተከተለች። አሜሪካ ያገደችው በሦስተኛው ቀን፣ ሌላው ዓለም ከሞላ ጎደል ካገደ በኋላ ነው። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ቦይንግ የአሜሪካን መንግሥት በማጭበርበር ሤራ ተከስሶ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። አየር መንገዳችን አውሮፕላኑን እንደገና ማብረር የጀመረው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር።

ይህ ሁሉ አዲስ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ስህተት ነው ብዬ እተወው ነበር። አዲስ ግን አይደለም። በንባቤ ያገኘሁትን አንድ የቆየ አደጋ ለሰው ሁሉ ሳልነግር ማለፍ አልችልም።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 1972 አንድ ዲሲ-10 አውሮፕላን በካናዳዋ ዊንዘር ከተማ ሰማይ ላይ ሲበር የዕቃ መጫኛው በር ተገንጥሎ ወደቀ። አብራሪዎቹ በብርቱ ጥረት አሳረፉት፤ ሰው አልሞተም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መረመረና በሩ በአግባቡ ሳይቆለፍ የተቆለፈ እንደሚመስል ደረሰበት፤ ይስተካከል ብሎም ጻፈ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አስገዳጅ መመሪያ በማውጣት ፈንታ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊና የአምራቹ ኃላፊ በስልክ ተነጋግረው በመተማመን ተስማሙ፤ ኩባንያው በራሱ ፈቃድ ያስተካክላል ተባለ። ሃያ አንድ ወር አለፈ። መጋቢት 3 ቀን 1974 አንድ የቱርክ አየር መንገድ ዲሲ-10 ከፓሪስ ተነሥቶ ብዙም ሳይርቅ ያው በር ተገነጠለ፤ አውሮፕላኑ ኤርሜኖንቪል በሚባል ደን ውስጥ ወደቀ። 346 ሰዎች ሞቱ።

መርማሪዎቹ የዚያን አውሮፕላን የፋብሪካ መዝገብ ሲከፍቱ በሩ ላይ ሊሠራ የተወሰነው ማሻሻያ እንደተሠራ የሚገልጽ ወረቀት አገኙ። የፋብሪካው ተቆጣጣሪዎች ማኅተም ተመትቶበታል። ሥራው ግን አልተሠራም ነበር።

ይህን ያነበብኩ ሌሊት ተነሥቼ ወደ ግቢ ወጣሁ፤ መኪናዬን አየኋት። ቦሎዋ መስታወቷ ላይ ነው።

የፓሪሱ አደጋ በደረሰበት ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። ያ መርማሪ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲቋቋም በትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ሥር ነበር፤ ማለትም መንገዱንና አየሩን በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ያንኑ መሥሪያ ቤት ይመረምር ነበር። አዲሱ ሕግ ከሥሩ አወጣው፤ መርማሪ አካል ከማንኛውም ሌላ መሥሪያ ቤት ፍጹም ካልተለየ ሥራውን በአግባቡ ሊሠራ አይችልም ሲልም በግልጽ ጻፈ። ከ1975 ጀምሮ ቦርዱ ለብቻው ቆሟል። አምስት አባላት አሉት፤ ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ መሆን አይችሉም። አውሮፕላን፣ ባቡር፣ መርከብ፣ የነዳጅ ቧንቧና የተመረጡ ከባድ የአውራ ጎዳና አደጋዎች ምርመራ በእርሱ ሥር ነው።

የሚገርመው ይህ ቦርድ ማንንም መቅጣት አይችልም። ፈቃድ አይሰርዝም፣ ሕግ አያወጣም፣ ሰው አያስርም። መብቱ ማየት፣ መጠየቅና የደረሰበትን ለሕዝብ ማተም ነው። የደረሰበት መደምደሚያ እንኳ በካሳ ክርክር ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ሕጉ ከልክሏል። በመጀመሪያ ይህን ሳነብ ጥርስ የሌለው ውሻ መሰለኝ። እያደር ግን ጥበቡ ገባኝ። ሰው እንደሚቀጣ ካወቀ ይደብቃል፤ ሜካኒኩም፣ አለቃውም፣ ሹፌሩም። የሚፈለገው ጥፋተኛ ሳይሆን ምክንያቱ እንደሆነ ሲያምን ግን አፉን ይከፍታል። በአባቴ ባልንጀራ ለቅሶ ላይ የተቀመጡት ሹፌሮች ሁሉ እውነቱን ያውቁ ነበር። የሚነግሩት ሰው ነው ያጡት።

መቼም አሜሪካን መስተዋት አድርጌ እያቀረብኩ አይደለም። ያ ቦርድ ቢኖርም ማክስ ተፈቅዷል። የአቪዬሽን አስተዳደሩ እስከ 1996 ድረስ አቪዬሽንን የመቆጣጠርም የማስፋፋትም ኃላፊነት በአንድ ላይ ነበረበት፤ ይህ ከሕጉ የተነሣው በፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ 110 ሰዎች በአንድ አውሮፕላን ከሞቱ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2024 ደግሞ ከአንድ አዲስ ማክስ አውሮፕላን ጎን የበር ቦታ መክደኛው በአየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። ሊይዙት የሚገባቸው አራት ብሎኖች አልነበሩም፤ መክደኛው በፋብሪካ ውስጥ ሲነቀል ሊጻፍ የሚገባው ሰነድም አልተገኘም። በፓሪሱ ጊዜ ወረቀት ነበረ፣ ሥራው አልነበረም፤ በዚህኛው ሥራው ተሠርቷል፣ ወረቀቱ የለም። በዚያ አገር ያለው ልዩነት ይህን እኔ በአዲስ አበባ ተቀምጬ ማወቅ መቻሌ ነው። አንድ አካል ቆጥሮ፣ ለክቶ፣ አትሞ አውጥቶታል።

ወደ ራሳችን ስመለስ ግን ነገሩ ይከብደኛል።

የቢሾፍቱውን አደጋ የመረመረው ቢሮ በትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥር ነበር። አየር መንገዱ የመንግሥት ነው፤ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑም የመንግሥት ነው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጨረሻው ሪፖርት ሲወጣ የአሜሪካው ቦርድና የፈረንሳዩ የአደጋ ምርመራ ቢሮ ኤምካስ ለአደጋው ምክንያት መሆኑን ተቀብለው፣ የአብራሪዎቹ ሥልጠናና አሠራር ግን በቂ ትኩረት አላገኘም ሲሉ ተቃወሙ። እኔ በአብራሪዎቹ በኩል ነኝ፤ አልደብቀውም። ያ አውሮፕላን ሲሰጣቸው ስለ ኤምካስ አልተነገራቸውም ነበር። ግን መርማሪያችን ከሚመረመሩት ሁሉ ተለይቶ የቆመ ቢሆን ኖሮ፣ የእነዚያ ልጆች ስም በዓለም ፊት ሲጸዳ ተጠራጣሪው የሚይዘው ሰበብ ባጣ ነበር። ነፃ መርማሪ የሚያስፈልገው ጥፋተኛን ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ ንጹሕን ለማንጻትም ነው። ይህን የምለው ለእነርሱ ስል ነው።

ይህም ሆኖ ለአውሮፕላን ቢያንስ ጥያቄው ይጠየቃል። አገሮች በሲቪል አቪዬሽን የሚመሩበት የቺካጎ ስምምነት 13ኛ አባሪ የምርመራ ዓላማ ሌላ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛን መለየት አይደለም ይላል፤ አገራችንም በዚያ ትሠራለች። በመንገድ ላይስ?

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ የጭነት መኪና ገላና ወንዝ ውስጥ ገባ። 71 ሰዎች ሞቱ። ሰባ አንድ! የሰማነው የመኪናውን ዓይነት፣ የሟቾቹን ቁጥርና የድልድዩን ስም ነው። እኔ ማንበብ የምፈልገው ሌላ ነው። ሠርገኞቹ ለምን በጭነት መኪና ተሳፈሩ፤ በዚያ መስመር የሕዝብ ማመላለሻ አለ ወይ? መኪናው ሲነሣ ስንት የፍተሻ ቦታ አለፈ? የመጨረሻ ምርመራውን መቼ፣ በማን እጅ አለፈ? መንገዱን የሠራው አካል ድልድዩ አጠገብ መከላከያ አኑሯል? እነዚህን ጠይቆ፣ መልሱን አትሞ፣ ለአካባቢው ሰው የሚያነብ ነፃ አካል ያስፈልገናል። የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ጥፋተኛ መለየት ነው፤ ተገቢ ሥራም ነው። ግን ሹፌሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ሹፌሩ ከሞተም መዝገቡ ይዘጋል።

ስንት ሰው እንደሚሞት እንኳ አንስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ላይ በ2016 በኢትዮጵያ መንገዶች ሞተዋል ተብሎ ከአገሪቱ የቀረበው ቁጥር 4,352 ነበር። ድርጅቱ ራሱ የገመተው ከ27,000 በላይ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉትን ሰዎች አስባለሁ። ሆስፒታል ከገቡ በኋላ የሞቱ፣ ከገጠር መንገድ ዳር ተነሥተው ወደ ቤታቸው የተወሰዱ፣ ማንም ሳይጽፋቸው የተቀበሩ። ቁጥጥር የሚጀምረው ከመቁጠር ነው፤ ያልተቆጠረ ሞት ማንንም አያስጠይቅም።

ሕዝቡ በራሱ መንገድ ይናገራል። ለሲኖትራክ «ቀይ ሽብር»፣ ለአይሱዙ «አልቃይዳ» የሚል ስም ያወጣው ስለ መኪና ብረት አይደለም፤ ስለሚፈራው ነገር ነው። ግን ስሙ የወጣው ለመኪናው ነው፤ ሹፌሩን በሌሊት የሚያስነዳው፣ በምልልስ ቁጥር የሚከፍለው፣ ሸራ እንዳይቀየር የሚያዘው ሰው ስም አልወጣለትም።

የበረራ ቁጥር 302 ሟቾች ቤተሰቦች ግን ትተውት አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2019 የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚ በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርበው ሲመሰክሩ፣ የሟቾቹን ፎቶግራፍ ይዘው ከኋላቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ በየኮሚቴው፣ በየፍርድ ቤቱ እየቆሙ ዓመታት አሳለፉ። በ2020 መጨረሻ የአውሮፕላን ምርመራ ሕጉ ሲሻሻል በእነርሱ ግፊት ጭምር ነው። እኛ ዘንድ ለቅሶ ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ አርባ ይወጣል፣ ተዝካር ይደገሳል፤ ከዚያም «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። እግዚአብሔርን ለማማረር ብዬ አይደለም። ግን የፍሬን ሸራ ያለቀበትን ቀን እግዚአብሔር አልቆረጠውም፤ ባለ ንብረቱ ነው የቆረጠው። የአባቴን ባልንጀራ ባለቤት አውቃቸዋለሁ፤ እስኪሞቱ ድረስ ባላቸው በፍጥነት ነድቶ እንደሞተ ያምኑ ነበር። ሄዶ የነገራቸው የለም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ዘንድሮ የቦሎ ጊዜ ሲደርስ ጉዳይ አስፈጻሚው ደወለልኝ። ራሴ እሄዳለሁ አልኩት። ተገርሞ «ምን አስቸገረህ?» አለኝ።

ጠዋት በአንድ ሰዓት ሌላ የምርመራ ተቋም ሄጄ ተሰለፍኩ። ከፊቴ አሥር ያህል መኪናዎች ነበሩ፤ ስድስቱ ባዶ ሹፌር ወንበር ይዘው ቆመዋል፣ ባለቤቶቻቸው ቢሮው በር ላይ ናቸው። ተራዬ ሲደርስ አንድ ልጅ እግር መርማሪ መጣ፤ ሃያ አምስት ዓመት አይሞላውም። ወረቀቱን ይዞ ወደ ቢሮ ሊገባ ሲል፣ «ወንድሜ፣ ፍሬኗን በመሣሪያው እንድታያት እፈልጋለሁ» አልኩት። ቆሞ አየኝ። ከዚያ ቁልፉን ተቀበለኝና ራሱ ገብቶ የኋላ ጎማዎቿን በሚሽከረከሩት ብረቶች ላይ አወጣቸው።

መሣሪያው ጎማዎቹን ማዞር ጀመረ። ፍሬን ያዘ። የቀኙ መርፌ ወጣ፤ የግራው ከቦታው ትንሽ ብቻ ተነቃነቀ። ደገመው። ያው ነው።

«ጋሼ፣ የኋላ ግራው አይዝም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እንዲህ የሆነው በአንድ ወር አይደለም። ሸራው ያለቀው ቆይቷል።» ከመኪናዋ ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ዓምና የት ነው ያስመረመሩት?»

የዓምናውን ወረቀት ከሊብሬው ውስጥ አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበው። ማኅተሙን አየ። ምንም ሳይለኝ አጥፎ መለሰልኝና አዲስ ቅጽ አወጣ። ፍሬን ከሚለው ፊት ለፊት «አላለፈም» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ፈረመበት።

እስከ ጋራዡ ድረስ በአንደኛ ማርሽ ነዳሁ።